ንጉሡ ቅዳሜ እረሱ ባለ ጊዜ



ከጎንደር፣ ከወገራ፣ ከስሜን፣ ከደምቢያ ወይም ከበለሳ ወደ እስራኤል የመጣ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። በአገር ቤት ሳለን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በቅዳሜ ቀን በሬ አይጠምዱም ነበር። ትልቁ በዓላቸው እሑድ ቢሆንም፣ ቅዳሜንም «ቀዳሚት ሰንበት» ብለው ከእርሻና ከአጨዳ ይቆጠቡ ነበር። እርግጥ ነው፣ የእነሱ አከባበር እንደ እኛ አልነበረም። እኛ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን አጥፍተን፣ ገላችንን ታጥበን፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰን ሰንበትን የምንቀበል ነን። እነሱ ቅዳሜ እሳት ያነዱ ነበር፤ ገበያም ይወጡ ነበር። ይሁንና ሞፈርና ቀንበራቸው ያን ቀን ከቤት አይወጣም።

ዛሬ እዚህ አገር ትምህርት ቤት የገቡ ልጆቻችን «ሰንበት የአይሁድ ናት፤ ታዲያ ክርስቲያኖቹ ለምን ቅዳሜን ያከብሩ ነበር?» ብለው ሲጠይቁ፣ ብዙዎቻችን አጥጋቢ መልስ የለንም። መልሱ በአገራችን ታሪክ ውስጥ አለ። ከዛሬ 400 ዓመት ገደማ በፊት ሕዝቡ ያላመነው አንድ ንጉሥ ክርስቲያኑን «ቅዳሜ እረስ» ብሎ አዝዞት ነበር። የአባቶቹን ሥርዓት አጥባቂ የነበረው ክርስቲያን ምን ብሎ እንደ መለሰ፣ ያም ነገር በስንት ደም እንደ ተፈጸመ፣ በመጨረሻም ታሪኩ እኛን ቤተ እስራኤልን እንዴት እንደሚነካን በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚህ አገር በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሰንበቱ ከየት መጣ?

የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች የቅዳሜን ሰንበት ያጸኑት ያለ ክርክር አልነበረም። በ14ኛው መቶ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ የተባሉ መነኩሴ ቅዳሜም እንደ እሑድ መከበር አለበት ብለው አስተማሩ። በዚህም ምክንያት ከሌሎች ካህናት ጋር ተጣልተው ከአገር ወጡ፤ በ1352 በአርመን አገር ሞቱ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን ትምህርቱን አልተዉም። ጉዳዩ የተቆረጠው በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠርቶ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ባስወሰነ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ለክርስቲያኑ የአባቶች ሕግ ሆነ።

ከመቶ ዓመት በኋላ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነገሩን ሲያዩ ደነገጡ። ቅዳሜን ማክበር፣ ወንድ ልጅን መግረዝ፣ የአሳማ ሥጋ አለመብላት፣ ይህ ሁሉ በእነሱ ዓይን የአይሁድ ሥርዓት ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ስለ ሃይማኖቱ በጻፈው ጽሑፍ ለዚህ ክስ መልስ ሰጥቷል። ሰንበትን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም፤ ግዝረትም የአገር ልማድ ነው ብሎ ተከራከረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያ ክርክር ውስጥ «አይሁድ» የሚለው ቃል መክሰሻም መከላከያም ሆኖ ሲወረወር፣ እውነተኞቹ የሰንበት ጠባቂዎች እዚያው በስሜን ተራራ ላይ ይኖሩ ነበር። እነሱን የጠየቃቸው ማንም አልነበረም።

የንጉሥ ቃል ኪዳንና የጳጳስ ግዝት

ሕዝቡ ለምን እንዲያ እንደ ተነሣ ለመረዳት በዚያ ዘመን የነበረውን የመንግሥት ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ንጉሡ በሰሎሞን ዘር ስም ይነግሣል። ዘውድ የሚጭንለትና የሚቀባው ግን ከግብፅ ከእስክንድርያ የተሾሙት ጳጳስ ናቸው። መኳንንቱና ወታደሩ ለንጉሡ በመሐላ ይታሰራሉ። በክርስቲያኑ ዘንድ ንጉሥ የሃይማኖት ጠባቂ ነው እንጂ የሃይማኖት ባለቤት አይደለም። ግብር ቢያበዛ፣ ጦር ሜዳ ቢያዘምት ሕዝቡ እያጉረመረመ ይታዘዛል። ሃይማኖቱን የነካ እንደ ሆነ ግን ጳጳሱ ንጉሡን ያወግዛሉ፤ ሰዉንም ከመሐላው ይፈታሉ። ከመሐላ የተፈታ ወታደር ደግሞ ንጉሡን የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

ይህ በተግባር የታየው በዐፄ ዘድንግል ላይ ነው። በ1603 ጴድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ብልህና ቋንቋ አዋቂ ሰው ነበር። ዘድንግል አስጠርቶ ካነጋገረው በኋላ ልቡ ወደ ሮማ ሃይማኖት አዘነበለ። ስለ ቅዳሜ አከባበርም አዲስ ትእዛዝ አወጣ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ንጉሡን አወገዙ፤ ወታደሩንም ከመሐላው ፈቱት። መስፍኑ ዘሥላሴ ጦር አስነሣ፤ በ1604 ዘድንግል በደምቢያ በባርጫ ሜዳ ተዋግቶ ተገደለ። ይኸው የመሐላ ፍቺ ልጅ ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብሏል ተብሎ በ1916 ከሥልጣን በወረደ ጊዜም በአቡነ ማቴዎስ ቃል ተደግሟል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሳይረሳ የቆየ መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

ሱስንዮስ ለምን ወደ ሮማ ዞረ?

ሱስንዮስ የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ልጅ ነበር። በልጅነቱ በኦሮሞዎች ተማርኮ ከእነሱ ዘንድ አደገ፤ ቋንቋቸውንና የጦር ስልታቸውን ተማረ። ለብዙ ዓመታት በየዱሩ ሲዋጋ ከቆየ በኋላ በ1607 ተቀናቃኙን ዐፄ ያዕቆብን በጎጃም ድል አደረገ። በዚያ ጦርነት ያዕቆብም አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ። ሱስንዮስ ዙፋኑን ያገኘው በጦር ነው። በጦር የተገኘ ዙፋን በጦር እንደሚሄድም ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

መኳንንቱ ዛሬ ታዝዘው ነገ ይሸፍታሉ። ድንበሩ ሰላም የለውም። ሱስንዮስ በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ይዟቸው የመጣውን 400 የፖርቱጋል ነፍጠኞች ታሪክ ያስታውሳል፤ በግራኝ አሕመድ ጦርነት መንግሥቱን ከመጥፋት ለማዳን የረዱት እነሱ ነበሩ። እንደገና እንዲህ ያለ ጦር ቢመጣለት ባላባቱን ሁሉ እንደሚያስገብር ተስፋ አደረገ። ስለዚህ ለአውሮፓ ነገሥታትና ለሮማው ፓፓ ደብዳቤ ጻፈ፤ ወታደር ጠየቀ። ፓኤዝንም ወዳጁ አደረገው፤ በጣና ዳር በጎርጎራ ቦታ ሰጠው። የጠየቀው ጦር ግን አልመጣም። የመጡት ካህናት ብቻ ናቸው።

በሃይማኖት ትምህርትም ብዙ ክርክር ተደረገ። የሮማ ካህናት ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው ሲሉ፣ የኢትዮጵያ ካህናት ተዋሕዶ አንድ ባሕርይ ሆኗል ይላሉ። ይህ ክርክር የሊቃውንት ነው፤ የእኛም ነገር አይደለምና አንገባበትም። ገበሬው ግን ስለ ባሕርይ ብዙ ላያውቅ ይችላል፤ ቅዳሜን ያውቃል፣ ጾሙን ያውቃል፣ ልጁን መቼ እንደሚገርዝና መቼ እንደሚያስጠምቅ ያውቃል። ንጉሡን ያጣላው በዚህ በኩል የመጣው ትእዛዝ ነው።

ግዝት፣ ሽፍትነትና የቅዳሜ ዐዋጅ

በመጀመሪያ የተነሡት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ናቸው። የሮማን ትምህርት የሚቀበለውን ሁሉ አወገዙ። የንጉሡ የልጁ ባል ዮልዮስም ከእሳቸው ጎን ቆመ። በ1617 ጦርነት ሆነና ዮልዮስ ተገደለ፤ አቡነ ስምዖንም እዚያው ሜዳ ላይ ተገደሉ። ሱስንዮስ አሸነፈ፤ ነገር ግን የጳጳስ ደም የፈሰሰበት ንጉሥ ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያወጣው ዐዋጅ ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ጀመር።

ይህን ሐዘን ከሁሉ ይልቅ በሕይወቷ ያሳየች አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሟ ወለተ ጴጥሮስ ይባላል። በ1592 የተወለደች የባላባት ልጅ ስትሆን፣ ባሏ ከንጉሡ ሹማምንት አንዱ ነበር። ባሏ በአቡነ ስምዖን ሞት ከተባበሩት ወገን መሆኑን ባወቀች ጊዜ ቤቱንና ሀብቱን ትታ ወጣች፤ መነኮሰች። ከመንደር ወደ መንደር እየዞረችም ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዲጠብቅ፣ ካህናቱም የንጉሡን ስም በቅዳሴ እንዳይጠሩ ትመክር ነበር። የንጉሥ ስም በቅዳሴ ካልተጠራ ለዚያ ሕዝብ ንጉሥ የለም ማለት ነው። ሰይፍ ሳታነሣ መንግሥቱን የነቀነቀች ሴት ናትና ተይዛ ተጋዘች። ከግዞት ተመልሳ በጣና ዙሪያ ማኅበር መሠረተች፤ በ1642 ሞተች። ገድሏ በ1672 የተጻፈ ሲሆን ዛሬም ይነበባል።

ሱስንዮስ ግን ወደ ኋላ አላለም። በ1620 ገደማ ቅዳሜን ማክበር እንዲቀርና ሕዝቡ በዚያ ቀን እንዲሠራ ዐወጀ። የዚህን ዐዋጅ ክብደት ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ገበሬው ሰኞ ዕለት ስለ ሮማ ምን እንደሚያስብ ማንም አያይበትም። ቅዳሜ ዕለት በሬውን ሲጠምድ ግን ጎረቤቱ ያያል፣ ልጁ ያያል፣ ጭቃ ሹሙም ያያል። ሰውን በልቡ ያለውን በአደባባይ እንዲክድ የሚያደርግ ትእዛዝ ነበር። የቤጌምድሩ ገዥ ዮናኤል በዚህ ምክንያት ሸፈተ፤ ኋላም በስደት ሳለ ተገደለ። በዳሞትም ገበሬውና መነኮሳቱ ስለ ሰንበት ተነሡ። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ፣ እሱ ራሱ የሮማን ሃይማኖት የተቀበለ ሰው ነበርና፣ በጦር ደመሰሳቸው።

በ1622 ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት መቀበሉን በይፋ ገለጠ። በዚያው ዓመት ጴድሮ ፓኤዝ ሞተ። ፓኤዝ ነገርን በቀስታ የሚይዝ ሰው ነበር። በእሱ ቦታ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለመለወጥ የሚፈልግ ችኩል ሆነ። በ1626 በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ሱስንዮስ በሜንዴዝ ፊት ተንበርክኮ ለሮማው ፓፓ መታዘዙን ማለ። መኳንንቱም እንዲምሉ ታዘዙ። ከዚያም ትእዛዙ ተከታተለ፦ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ግዝረት ይቅር፣ ጾሙና በዓሉ በሮማ አቆጣጠር ይሁን ተባለ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚሰብረው እንደገና መጠመቁ ነበር። አንድን ሰው እንደገና ተጠመቅ ማለት እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበርክም ማለት ነው። አባትህም አልነበረም፤ በመቃብር ያለው አያትህም አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በንጉሡ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ወደ ፍጹም አለመታመን ተለወጠ። በትግራይ የንጉሡ አማች ተክለ ጊዮርጊስ በ1628 ተነሣ፤ ተይዞ ተገደለ። በቤተ መንግሥት ውስጥ እንኳ ብዙዎቹ ወይዛዝርት የአባቶቻቸውን ሃይማኖት አልለቅም አሉ።

ላስታና ወይና ደጋ

በመጨረሻ የተነሣው የላስታ ተራራ ሰው ነው። የላስታ ገበሬዎች መልክአ ክርስቶስ የተባለውን መሪ አድርገው ለዓመታት ተዋጉ። ይህ የወለተ ጴጥሮስ ባል ከነበረው መልክአ ክርስቶስ የተለየ ሰው ነው፤ ስማቸው ብቻ ነው የሚመሳሰለው። የላስታዎቹ ገደሉን ያውቁታል፤ የንጉሡ ጦር ሲመጣ ወደ አምባው ይወጣሉ፣ ሲመለስ ይከተሉታል። ብዙ የንጉሡ የጦር አለቆች በዚያ ገደል ቀሩ። የንጉሡ ወታደርም ሰለቸው፤ የሚዋጋው ከገዛ ወገኑ ጋር ነው፤ ብዙውም በልቡ ከተራራው ሰዎች ጋር ነበር።

በወይና ደጋ በተደረገው ታላቅ ጦርነት ሱስንዮስ አሸነፈ። ከላስታዎቹ ወገን ስምንት ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይነገራል። የፖርቱጋል ካህናት እንደ ጻፉት፣ በማግስቱ መኳንንቱ ንጉሡን በሬሳው መካከል ይዘውት ዞሩ። እነዚህ የወደቁት ከሌላ አገር የመጡ ጠላቶች አይደሉም፤ ሁሉም ክርስቲያኖች፣ ከፊሎቹም የሥጋ ዘመዶቻችን ናቸው፤ በዚህ ድል ያሸነፍነው ራሳችንን ነው የሚል ነገር ነገሩት። ልጁ ፋሲለደስም ከእነሱ ጋር ነበር።

ንጉሡ ታመመ፤ ልቡም ተሰበረ። በሰኔ 1632 ዐዋጅ አስነገረ። ቀደም ሲል ያንን ሃይማኖት የሰጠነው መልካም ነው ብለን ነበር፤ ነገር ግን ስለ እሱ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አለቀ፤ ስለዚህ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሰንላችኋል፤ ካህናቱም ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ይመለሱ የሚል ነበር። ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቀ። በዚያው ዓመት በመስከረም ሞተና አዘዞ በገነተ ኢየሱስ ተቀበረ። የኢየሱሳውያን ካህናት በ1633 ወደ ፍሬሞና ተጋዙ፤ በተከታዩ ዓመት ከአገር ተባረሩ። ሕዝቡ በየአደባባዩ ደስ አለው፤ ቅዳሜም ሞፈሩ እንደገና ከቤት ዋለ።

የእኛስ ሰንበት?

ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛ ግን እዚህ ላይ ማቆም አንችልም።

ሱስንዮስ በክርስቲያኑ ላይ የቅዳሜን ዐዋጅ ከማውጣቱ በፊት በአባቶቻችን ላይ እጁን አንሥቶ ነበር። በ1610ዎቹ ዓመታት ሙቱ ንጉሥ ያዕቆብ ነኝ የሚል አንድ ሰው ተነሥቶ በስሜን ድጋፍ አገኘ፤ የቤተ እስራኤል ገዥ ጌዴዎንም ረዳው። ሱስንዮስ ስሜንን ወጋ። አምባዎቹ አንድ በአንድ ተያዙ። ብዙ ወገን አለቀ፤ የተረፈውም ክርስትና ካልተነሣህ ትሞታለህ ተባለ። በ1620ዎቹ ጌዴዎን ራሱ ተገደለና ከዐፄ ይስሐቅ እስከ ዐፄ ሠርጸ ድንግል ብዙ ነገሥታት የተዋጉት የስሜን ነጻነት በዚያው አበቃ። መሬቱም ተወሰደ።

በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ በግድ የተጠመቁት ቤተ እስራኤል እምነታቸውን መተዋቸው እንዲታወቅ በሰንበት ቀን እንዲያርሱ ታዘዙ። እንግዲህ በሬን በቅዳሜ የማስጠመድ ፈተና መጀመሪያ የተሞከረው በእኛ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከክርስቲያኑ ወገን ጳጳስም አላወገዘ፣ መነኩሴም አልሸፈተ፣ ባላባትም አልተነሣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ትእዛዝ በራሳቸው ደጃፍ በመጣ ጊዜ ግን የትእዛዙን ምሬት ቀመሱት።

በወይና ደጋ ሜዳ መኳንንቱ በሬሳው መካከል ሲዞሩ «እነዚህ ወገኖቻችን ናቸው» ብለው አለቀሱ። በስሜን ገደል የወደቁትን ግን እንዲህ ያለ የለም። ክርስቲያኖቹ ስለ እምነታቸው መቆማቸው እውነተኛ ነገር ነበር፤ የሞቱትም በከንቱ አልሞቱም። ነገር ግን ያገኙትን መብት ለራሳቸው ብቻ አደረጉት። በ1632 የአባቶቻችሁ ሃይማኖት ተመልሶላችኋል የተባለው ለእነሱ ነው። ለቤተ እስራኤል ርስቱም አልተመለሰም፣ አምባውም አልተመለሰም።

እንዲያውም ከዚያ ዘመን የተረፈው ፍርሃት ሌላውን ሁሉ ወደ መለየት አደረሰ። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። ቤተ እስራኤል ግንበኛ፣ አናጢና ብረት ሠሪ ሆነው የጎንደርን ነገሥታት አገለገሉ። በልጁ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን በ1668 በጎንደር ጉባኤ ተደረገና ፈረንጆቹ ከአገር እንዲወጡ፣ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲቀመጡ ተወሰነ። ግንቡን የሠራው እጅ ከከተማው ሰፈር ተለየ። በባዕድ ሃይማኖት የተነሣ መሪውን ማመን ያቃተው ሕዝብ፣ መሪው ከሄደ በኋላ ጎረቤቱንም ማመን አቃተው።

ለልጆቻችን ምን እንንገራቸው?

ከዚህ ታሪክ ለቤተሰብ የሚሆን ነገር አለ። በመጀመሪያ፣ ልጆች ክርስቲያኖቹ ለምን ቅዳሜን እንዳከበሩ ሲጠይቁ፣ የራሳቸው አባቶች ተከራክረው ያጸኑት፣ ኋላም የሞቱለት ሥርዓት ነበር ብለን መመለስ እንችላለን። ሁለተኛ፣ የእኛ አባቶች ሰንበታቸውን ያቆዩት ንጉሥም ጳጳስም ሳይቆምላቸው ነው። ክርስቲያኑ 15 ዓመት ያህል ተቸግሮ ዐዋጅ ተነገረለት። የእኛ ወገን ዐዋጅ ሳይነገርለት፣ ርስት ሳይኖረው፣ በጭሰኝነትና በእጅ ሥራ እየኖረ፣ በመነኮሳቱና በቄሶቹ ትምህርት ኦሪትን ይዞ ቆየ።

ሦስተኛውን ነገር የቆዩት ወገኖቻችን ይበልጥ ያውቁታል። በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን የመጡት በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ እዚህ በደረሱ ጊዜ፣ ለጋብቻ ሲሉ የመንጻት ጥምቀት እንዲወስዱ በራባኑት ተጠየቁ። ይህ ከሱስንዮስ ሥራ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሰይፍ የለበትም፣ የጠየቁትም የገዛ ወንድሞቻችን ናቸው። ነገር ግን ብዙዎች በልባቸው የተሰማቸው ያው የጥንቱ ጥያቄ ነው፦ እስከ ዛሬ ምን ነበርን? በመቃብር ያሉት አያቶቻችንስ ምን ነበሩ? በ1985 በመጸው ወራት ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ወጣቶች በኢየሩሳሌም በራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ጠመንጃ አላነሡም፤ አገሩንም አልካዱም። ቁጭ ብለው ጠየቁ። እዚህ አገር መሪን ማመን ያቃተው ሰው የሚሸሽበት ገደል አያስፈልገውም፤ ሰልፍ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ የምርጫ ካርድ አለ። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ከኡልፓኑ ትምህርት ጋር ይህንንም ቢማር ይጠቀማል።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለን። የሱስንዮስን ታሪክ የነገሥታቱ ጸሐፊዎች ጽፈውታል፤ የፖርቱጋል ካህናትም ጽፈውታል። የወለተ ጴጥሮስ ገድል አለ። የጌዴዎንን ሰዎች ታሪክ ግን ከእኛ ወገን ሆኖ በዚያ ዘመን የጻፈ የለም፤ የቀረው በሽማግሌዎችና በቄሶች አፍ ነው። በቤታችሁ ስለ ስሜን አምባዎች፣ ስለ ድሮው መሬትና ስለ ጥንት ቤተ ጸሎት የሚያውቅ አያት ወይም አያት ያለ እንደሆነ፣ በሰንበት ቀን ልጆቹን ሰብስባችሁ አስነግሯቸው። ሰንበት ሲወጣ ደግሞ የሰማችሁትን ጻፉት ወይም በድምፅ ቅዱት። በሚቀጥለው ሰንበትም ካቆማችሁበት ቀጥሉ።